ሳይቀምስ የሚሰጥ ከተማ

ሳኦ ፖሎ የምትሄዱ ካላችሁ ስልክ ላይ ስትጎረጉሩ አትደሩ፣ እኔን ጠይቁኝ። ብራዚል ያለችውን ነው የምላችሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ እሱን አልክድም። ግን ጎጃም ካለችው ከአምበር ተነስቶ እዚያ ድረስ ሄዶ፣ እንደ እኔ አድርጎ የተጠራጠረ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ።

ሯጭ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ክለብ ውስጥ ነው የምሮጠው። የእኔን እግር ያየ ሰው ሁለተኛ ፈረስ አይገዛም ይባላል። ያልኩት እኔው ነኝ፣ ግን ይባላል።

ያን ጊዜ ክለቡ ሳኦ ፖሎ ለሚደረግ የጎዳና ሩጫ ሁለታችንን ላከን፤ እኔንና አንድ ከደብረ ወርቅ በኩል የመጣ ልጅ። እሱ ቤተ ክህነት ያደገ ነው፣ ዲያቆን ነው፣ እንግሊዝኛም ይሞካክራል። ከመሄዳችን በፊት አሰልጣኛችን ለብቻዬ ጠሩኝና፣

«ስማ፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ግባ» አሉኝ። «ካልገባህ አልጋህን የሚፈልግ ልጅ በር ላይ ቆሟል።»

ቀልድ አይደለም። የካምፑ አልጋ ከሄደች ምግቡም ሄደ፣ ጫማውም ሄደ፣ እኔም ወደ አባቴ ሞፈር ተመለስኩ ማለት ነው። አባቴ ደግሞ ሳርስ ሲያዩኝ «በሬዎቹ አፈሩብህ» ነው የሚሉኝ። እርሻ የሩጫ ጠላት ነው፣ እኔም የእርሻ።

ከዚህ በፊት እዚያ የሮጠ አንድ ሰው መከረን። መንገድ ላይ ስልክ አታውጡ፣ በሞተር መጥተው ላፍ ያደርጉታል አለ። ቦርሳችሁን ከፊት አንጠልጥሉ አለ። የማታውቁት ሰው በክፍት ብርጭቆ የሚጠጣ ነገር ቢሰጣችሁ አትንኩ አለ። የመጨረሻዋ ምክር ልቤ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች።

እንግዲህ ስለ ስልክ ልንገራችሁ። ኪስ አይታመንም ብዬ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት። ከተማውን ስናይ ዲያቆኑ ዞር አለና፣

«ምነው አነከስክ? ከውድድር በፊት ተጎዳህ እንዴ?»

«ስልኬ ነው።»

«ስልክህ ምን ሆነ?»

«ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነው ያለው። ዝም ብለህ ሂድ፣ ሰው ይሰማናል።»

«በአማርኛ ነው እኮ የምናወራው!»

«አማርኛ የሚችል ሌባ እንደሌለ በምን አወቅህ?»

ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር ውስጥ ገባን። እናቴ ደወለች። እግሬ ጮኸ። ባቡሩ ሙሉ ሰው ወደ እግሬ ዞረ። ምክሬ ይሄ ነው፦ ስልካችሁን የፈለጋችሁበት ደብቁ፣ ድምፁን ግን አጥፉት። ደግሞ እዚያ ባቡር ውስጥ ሰው ሁሉ ቦርሳውን እንደ ሕፃን ከፊቱ አቅፎ ነው የሚቆመው። መጀመሪያ ሌቦቹ እነሱ ናቸው ብዬ ነበር፤ ለካ እነሱም እኔን ነው የሚጠረጥሩት።

አዘጋጆቹ ያሳረፉን እንግዳ የሚያሳድሩ አንዲት አሮጊት ቤት ነው። እማማ ነበር የምንላቸው። ቋንቋ የለንም፣ በእጅ ነው የምንግባባው። በመጀመሪያው ጠዋት ትንንሽ ክብ ዳቦ ትኩስ ትኩሱን አመጡ። ሽታው ደስ ይላል። ደስ የሚል ሽታ ደግሞ በጾም አይታመንም። ታኅሣሥ ነው፣ የነቢያት ጾም። ዲያቆኑ ጠየቃቸው፤ ሊጡ ውስጥ አይብ አለበት። አላልኩም?

እማማ ገባቸው መሰለኝ ዳቦውን አንስተው ጥቁር ባቄላ በሩዝ አመጡ። ይሄ ንጹሕ የጾም ምግብ ነው። እኔ ደግሞ ያደግሁት ከሰው ቤት ነው፣ ጅብ አይደለሁም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «አይ፣ ጠግበናል» አልኩ። ራሴንም ነቀነቅሁ። ከዚያ ጠበቅሁ። መቼም «ኧረ በሞቴ» ይላሉ፣ እኔ ደግሞ «ኧረ በቃኝ» እላለሁ፣ እሳቸው «አፈር ስሆን» ይላሉ፣ እኔ እያዘንኩ እበላለሁ። ሥርዓቱ ይሄ አይደል?

አነሱት! ሳህኑን ይዘው ፈገግ እያሉ ወጥ ቤት ገቡ።

«አየሃቸው?» አልኩት ዲያቆኑን። «ለራሳቸው ሊበሉት ነው።»

«ጠገብኩ ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እና ሁለተኛ አይለምኑም?»

«እኔንም ጨምረህ ነው ያስጠገብከኝ፣ አንተ የጉድ ቋት» አለና ተነስቶ በእንግሊዝኛም በእጅም ለምኖ አስመለሰው። እዚያ አገር እንቢ ማለት እንቢ ነው። የራባችሁ እንደሆነ በመጀመሪያው እሺ በሉ፣ ሐፍረቱን አገራችሁ ስትመለሱ ታፍሩታላችሁ።

ከባቄላው በኋላ እማማ ቢጫ ጭማቂ ቀዱ። ቀድተው ቀጥታ ሰጡኝ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። በእኛ አገር ጠላ የምትቀዳ ሴት መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ነው ለእንግዳ የምትሰጠው። ባሏም ቢሆን፣ ቄሱም ቢሆኑ። እኔ ስጠጣ ምንም አልሆንኩም፣ አንተም ጠጣ ማለት ነው። እሳቸው ግን አልቀመሱም። ለምን አልቀመሱም? እኔም ብርጭቆዬን ቀስ አድርጌ ወደ ዲያቆኑ ገፋሁት። የራሱንም የእኔንም ጠጣ።

ቀኑን ሙሉ ፊቱን ሳይ ዋልኩ።

«አሁንስ ሆድህን አያምህም?»

«ምነው፣ ሩጫው ላይ የምቀርልህ መስሎህ ነው?»

«ለአንተ አስቤ እኮ ነው።»

«ለእኔ አስበህ ነው መርዙን የሰጠኸኝ?»

የቤተ ክህነት ልጅ ምላሱ አይቻልም።

ምሳ ከፈለጋችሁ ምግብ በኪሎ የሚሸጡበት ቤት ግቡ። አልቀለድኩም፣ እንደ ጤፍ ይመዝኑታል። ሳህን ታነሳላችሁ፣ ከተደረደረው የወደዳችሁትን ትዘግናላችሁ፣ ልጅቷ ሚዛን ላይ ታስቀምጠዋለች። እኔ ሚዛን የሚባል ነገር ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፣ አላምነውም። መጀመሪያ ባዶውን ሳህን አስቀምጪ አልኳት በእጄ። አስቀመጠች። ከዚያ ዝቅ ብዬ ከሥሩ አየሁ። ሣቀች። ሣቋንም ጠረጠርኩት። ግን ያ ቤት ተመቸኝ፤ ማንም ማንንም አይለምንም፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ነው የሚያወጣው፣ ምግቡ ነገር ካለበት የምናልቀው ሁላችንም ነን። ጿሚዎች ብቻ ተጠንቀቁ። የተቆላ በሶ የመሰለ ዱቄት አለ። የአገሬን ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ልዘግን ስል ዲያቆኑ እጄን ያዘኝ። ውስጡ የአሳማ ሥጋ አለበት! በሶ መስሎ! ከዚያ ወዲህ ዱቄትም አላምንም።

ሰማዩም ያው ነው። ጠዋት ያቃጥላል፣ ከሰዓት ያለማስጠንቀቂያ ዶፍ ይለቃል። በታኅሣሥ ክረምት! ጃንጥላ ያዙ።

የሩጫው ቀን ደረሰ። ከተማው ሰው በሰው ነው፤ እንደ ጥንቸል የለበሰ ይሮጣል፣ እንደ ሙሽራ የለበሰ ይሮጣል። ተኩሱ ሲሰማ እኔና ዲያቆኑ ከፊተኞቹ ጋር ወጣን። ትንሽ እንደሄድን የውሃ ጠረጴዛ መጣ። ወጣቶች ቆመው በክፍት ኩባያ ይዘረጋሉ። ሁሉንም አየኋቸው። አንዳቸውም አልቀመሱም።

አለፍኩ።

ዲያቆኑ እየጠጣ «ውሰድ እንጂ!» አለኝ።

«አንተ ውሰድ!»

ሁለተኛው ጠረጴዛ መጣ። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ የእኛ አገር ብርድ ናፈቀኝ። አለፍኩ። ከአሥሩ ውስጥ መግባት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ አልጋዬ ዓይኔ ላይ ነች። ግን መንገድ ላይ ተመርዤ ከምወድቅ እየጠማኝ ብሮጥ ይሻላል ብዬ አስላሁ። ሒሳብ ላይ ድሮም ደካማ ነኝ። ሦስተኛውን ሳልፍ ምላሴ እንደ ቁርበት ደርቆ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ዲያቆኑ ሄደ። ሌሎችም ያልፉኝ ጀመር። አንዱ ሲያልፈኝ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፣ እንደ ደከመች አህያ። እሱ ከሁሉም አመመኝ።

ረጅም ዳገት መጣ። እግሬ ጉልበቴን ሳያስፈቅድ መታጠፍ ጀመረ። በዚያ መሀል፣ አጥሩ ላይ የተደገፉ አንድ ሽማግሌ አየሁ። አረንጓዴ ነገር ያለበት ጠርሙስ ይዘዋል። ወደ አፋቸው አነሡት። ጎነጩ። ጉሮሯቸው ሲወጣ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ዋጡት። አፋቸውን ጠረጉ። አልሞቱም!

ከእጃቸው ላፍ አደረግሁት።

የሸንኮራ ጭማቂ ነው፣ ሎሚ የገባበት። እንዲህ ያለ ነገር ከተወለድኩ ቀምሼ አላውቅም። ሽማግሌው ጮኹ፣ ምን እንዳሉ እንጃ፣ ምርቃት አይመስለኝም። እኔ ግን ጨለጥኩት፣ እግሬም ተመለሰ። መታ መታ ያደረገኝን ሰውዬ ስደርስበት እኔም ጀርባውን መታ መታ አድርጌው አለፍኩ። ሌላ አለፍኩ። ሌላም አለፍኩ። መስመሩን ስረግጥ ሰባተኛ ነኝ። መሬቱን ሳምኩ፣ አልቅሻለሁም መሰለኝ፣ ላብ ነው ብያለሁ ግን።

ዲያቆኑ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር፣ አቀፈኝ። እንደተቃቀፍን አንድ ባለ ሰደርያ የሩጫው ዳኛ መጣና ለዲያቆኑ ብዙ አወራ። የዲያቆኑ ፊት ተለወጠ።

«ምን አለ?»

«ሰርዘውሃል።»

«ለምን ተብሎ?»

«ከውሃ ጠረጴዛው ውጪ ከተመልካች መቀበል ክልክል ነው አለ።»

«አልተቀበልኩም እኮ! ነጠቅሁ እንጂ! ንገረው!»

«እሱንስ ባልነግረው ይሻላል» አለኝ።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። አሰልጣኙ በማግስቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው መሮጫ ሜዳ ጠሩኝ። ሯጮቹ ሁሉ ከበው ቆመዋል። አልጋዬን የሚፈልገው ልጅም ቆሟል፣ ጫማውን አሥሮ።

«ውሃ እያለ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሳይቀምሱ እኮ ነው የሚሰጡት።»

«ያ ሁሉ ሺህ ሰው ጠጥቶ፣ አንተን ብቻ ለይተው ሊመርዙህ ነው?»

«ከሁሉም የሚፈሩት እኔን ነዋ!»

ሯጮቹ ሣቁ። እሳቸው አልሣቁም። ወደ ክለቡ መኪና ሄደው አንድ ኩባያ ይዘው መጡና ፊቴ ላይ ዘረጉ።

«ይቺን ጨልጥና አልጋህ ያንተ ነች። አልጠጣም ካልክ ሻንጣህን አንሣ።»

ኩባያው ውስጥ አየሁ። ደፍረስ ያለ ነው። ውሃ እንዲህ አይደፈርስም። ዲያቆኑን አየሁት፤ ሰማይ ሰማይ ያያል። ልጁን አየሁት፤ እሱ ኩባያውን ነው የሚያየው።

«ይቅደሙ እንጂ ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ...» አልኩ በትሕትና።

«አልቀድምም።»

ኩባያውን ተቀበልኩ። ዓይኔን ከዓይናቸው ሳልነቅል እስከ አተላው ጠጣሁት። ከዚያ ጣዕሙ መጣ።

«ብያለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ነገር አለበት! ጨው አለበት!»

«ጨውም ስኳርም ሎሚም አለበት፣ አንተ ዕብድ! ሯጭ የሚጠጣው እሱን ነው!» አሉና ይኼኔ ሣቁ። «በል፣ ሂድና አሟሙቅ።»

ልጁ የጫማውን ክር ፈታ። እኔ አሟሟቅሁ። አሁን የትም አገር ብሮጥ፣ ከጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋልኝን ሁሉ እጠጣለሁ። አሰልጣኙ የሚሰጡኝን ግን እስከ ዛሬም አሽትቼ ነው።