የመስኮቱ ጎን

ደንበኞቼ «ፎቶ» ይሉኛል። ለመታወቂያም ለትዳርም የሚሆን ፊት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ብጉር አጠፋለሁ፤ ከዓይን ሥር ጥቁረት አነሳለሁ፤ ሲለምኑኝ አፍንጫም አቀጥናለሁ። የራሴ ፊት ግን ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። በልጅነቴ ብጉሬን ስጎረጉር ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ እጄን እየመታች፣ ተው ወንፊት ትሆናለህ ትለኝ ነበር። ሆንኩ። «ወንፊት» የሚለው ቅጽል ስምም ጸደቀልኝ።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ ፊት ቆሜ አላውቅም። እህቴ አብረን እንነሳ ባለች ቁጥር፣ ታዲያ ማን ያንሳን እላታለሁ። ዘንድሮ ደወለች። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ የዓይን ሐኪሟም ብዙ ተስፋ አልሰጣትም። ከጥቂት ወራት በኋላ እንደምትመጣ፣ ማየት ሳይሳናት ከእኔ ጋር አንድ ፎቶ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እኔ የቆዳ ክሊኒክ ቀጠሮ ያዝኩ።

እኔን ያየችኝ የቆዳ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ አልቸኮለችም። ሌዘሩ የላይኛውን ቆዳ እንደሚያነሳና ከሥር አዲስ እንደሚወጣ፣ ጉድጓዱን ቢያሳንስ እንጂ እንደማያጠፋው አስረዳችኝ። እንደኔ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ጥቁር ምልክት ትቶ ሊሄድ ስለሚችል መጀመሪያ ከጆሮዬ ሥር ትንሽ ቦታ ሞክራ አየች። ሌዘሩ ሊቀሰቅሰው ስለሚችል ከንፈሬን ምች ይመታኝ እንደሆነም ጠየቀችኝ። የምቀባውንም ስትጠይቀኝ የሚስቴን ማቅያ ክሬም ተደብቄ እንደምቀባ ሳልወድ ተናዘዝኩ። መቀባቱን አስቆመችኝ።

«ከዚህ በኋላ ለወራት ከፀሐይ ይጠበቁ፤ ቅርፊቱንም አይንኩ» አለችኝ። «ለዚህ ጊዜ ከሌለዎት ይቅርብዎት።»

ጊዜ አልነበረኝም። አለኝ አልኳት።

ሌዘሩ ተሠርቶልኝ ፊቴ አብጦ ቤት ስደርስ ሚስቴ በሩን ከፍታ፣ የሚፈልጉት ሰው የለም ብላኝ ልትዘጋው ነበር። ቅርፊቱን አልነካሁም፤ ከልጅነቴ ያተረፍኩት ብቸኛ ትምህርት እሱ ነው። ሲረግፍ ከሥሩ ለስላሳ ቆዳ ወጣ። ከስቱዲዮዬ ንቅንቅ አልልም፤ ፀሐይ ማለት ውጭ ያለው ነው ብዬ። ፊት በደንብ የሚታየው ደግሞ በመስኮት ብርሃን ነው፤ ይህን ማንም ፎቶ አንሺ ያውቃል። ስለዚህ በየጠዋቱ ግራ ጉንጬን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ በእጅ መስታወት ራሴን ሳደንቅ እቆያለሁ። ሐኪሟ የሰጠችኝን የፀሐይ መከላከያ ቅባት አልተቀባሁም። ያብለጨልጫል፤ የሚያብለጨልጭ ፊት ለፎቶ አይሆንም።

ግራ ጉንጬ ጠቆረ።

ወደ ክሊኒኩ ተመልሼ ስሄድ ሐኪሟ ቀኑን የት እንደምውል ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ስለ መስኮት ብርሃን ጥራትም ኮራ ብዬ አስረዳኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ብርሃን በመስታወት ያልፋል እኮ። እርስዎ ይህን ካላወቁ ማን ይወቅ?»

ቀስ እያለ ሊደበዝዝ ይችላል አለችኝ፤ በወራት። እህቴ ግን በሳምንቱ መጣች።

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ደቃቅ ጽሑፍ አስጠግታ መረመረችኝ። «ወንፊቱ ቀንሷል» አለች። «አሁን ደግሞ ባንድ ወገን አርረሃል።»

ወንበር ሰጠኋት፤ ጥቁረቱ እንዳይታይ መብራቱን አዙሬ ጉንጬን ጥላ ውስጥ ከተትኩት። ካሜራው ራሱ እንዲያነሳ አስተካክዬ ሮጬ አጠገቧ ቆምኩ። ተነሳን። ፎቶውን በስክሪን አስፍቼ አሳየኋት፤ ዓይኗን እያጠበበች ፈለገችኝ።

«የታለህ?» አለችኝ። «ጥላ ውስጥ ያለ ነገር አይታየኝም። ብርሃን ላይ ና።»

ስንቱን ሰው ቀና በል ስል ኖሬ ለራሴ አንገቴ እንቢ አለኝ። መብራቱን መለስኩት። ቆምኩ። ካሜራው ጉዴን አንድም ሳያስቀር አነሳው።

ከማተሜ በፊት ትንሽ ላስተካክለው ብዬ ለመንኳት።

«ያንተን ከነካህ የኔንም ሽብሽብ ሳታቃና አትተውም። ከዚያ ማን ከማን ጋር ነው የተነሳው?»

እንዳለ፣ በትልቁ አተምኩላት። አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ከጥግ ወደ ጥግ ሄደችበት፤ ከጥቁሩ ጉንጭ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበት።

«እዚህ ጋ አገኘሁህ» አለች፤ እስክትሄድ ድረስም ከእጇ አላስቀመጠችውም።

ሁለተኛውን ቅጂ ስቱዲዮዬ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ።