ባና የለበሰች መኪና

በጣልያን ጊዜ ባለቤቴ ሾፌር ነበር። መኪናዋን ቀድሞ ይነዳ የነበረው ለምናገለግላቸው ለጌታችን ነው። ጌታችን ከጦርነቱ አልተመለሱም። አንድ የጣልያን መኮንን ኮልፌ ያለውን ግቢያቸውን ሲይዝ መኪናዋንም ያዘ፤ ባለቤቴንም ከመኪናዋ ጋር ያዘው፤ በቅሎ ከነኮርቻዋ እንደሚወሰድ። እኛ የምንኖረው እዚያው ግቢ፣ አጥሩ ጥግ ባለችው የአገልጋይ ክፍል ነበር። የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። ያን ዘመን ያሳለፈን አምላክ ይመስገን።

መኪናዋ አሮጌ ናት፤ የምታድረው ከአጥሩ አጠገብ ባለው በድሮው የከብት በረት ነው። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲበረታ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለች። ባለቤቴ ሞተሯን በብረት ማዞሪያው እያሽከረከረ ክንዱ እስኪዝል ይታገላታል። ትስላለች፣ ታጉረመርማለች፣ ትተኛለች። ፀሐይ ወጥታ ሲሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልነበረባት ትነሳለች።

«ብርድ ነው የያዛት» አለኝ።

ብርድ ለያዘው የሚደረገውን አደረግንላት። ማታ ማታ ከሞተሩ በላይ፣ ኮፈኑ ላይ የመንዝ ባናችንን፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብሳችንን እናለብሳታለን። ያለን ባና እሱ ብቻ ነበር፤ እኛ በነጠላ ተኛን። ሲነጋ እኔ ፍም በገል ይዤ እሄድና ዘይቱ እንዲላላ ከሆዷ ሥር አስቀምጥላታለሁ።

በአጥር የምንዋሰናቸው አሮጊት ይህን ሲያዩ ሰነበቱ። አንድ ቀን ፍሙን ይዤ ሳልፍ፣

«ልጄ፣ ከበረት ውስጥ አራስ አለች እንዴ?» አሉኝ።

«መኪናዋ ናት እማማ። በርዷት ነው።»

«እኔ አምስት ስወልድ እንዲህ አድርጎ ያረሰኝ የለም» አሉ። ሳቅሁ። በዚያ ግቢ ከሳቅሁባቸው ቀናት የማስታውሰው እሱን ነው።

የቤንዚን ሽታ ሌላ ነገር ነበር። ከተማው በተቃጠለ ሰሞን ወንድሜ ከነቤቱ ተቃጠለ። ጣልያኖቹ በሩን ከውጭ ዘግተው፣ የሣር ክዳኑ ላይ ቤንዚን ደፍተው ለኮሱት። እኔ ከቤቱ ጀርባ ቦይ ውስጥ ተኝቼ ነበር። መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ ጩኸቱ በኋላ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ያ ሽታ ሲመጣብኝ አንጀቴ ይገለበጣል። ባለቤቴ ሥራው ነውና ሁልጊዜ ይሸታል። ካፖርቱን ከደጅ እንዲሰቅል ለመንኩት፤ ከደጅ ሰቀለ። ስለዚህ በዚያ ኅዳር ሽታው ሲብስ፣ የካፖርቱ ነው ብዬ አፍንጫዬን ይዤ አልፋለሁ። እሱ ደግሞ ከቤንዚን ጋር ስለኖረ አይሸተውም ነበር።

ጣልያኑ ቤንዚኑን ማታ ማታ በእንጨት እያስለካ ያሳድር ጀመር። ጠዋት ሲለካ ይጎድላል። ይህ ከአንድም ሁለት ሦስት ቀን ሆነ።

በመጨረሻው ጠዋት መኪናዋ ጨርሶ እንቢ አለች። ጣልያኑ ቦት ጫማውን አድርጎ፣ አለንጋውን ይዞ ወጣ። አስተርጓሚው ከኋላው ነበር፤ የአገራችን ሰው ነው፣ የጌታውን ዓይነት ባርኔጣ ያደርጋል። ሁለት ወታደሮች ባለቤቴን ሸሚዙን አወለቁና፣ መኪናዋ ፊት ባለው ብረት ላይ ሁለት እጁን አሰሩት። ፊቱ ወደ ሞተሩ፣ ጀርባው ወደ እኛ ነው።

«ጌታው እንዲህ ይላሉ» አለ አስተርጓሚው። «ቤንዚኑን ጫካ ላሉት ሽፍቶች ትሰጣለህ። መኪናዋንም እንዳትነሳ የምታደርጋት አንተ ነህ። ለማን እንደሰጠህ ተናገር።»

«ለማንም አልሰጠሁም። ብርድ ነው።»

«ብርድ ቤንዚን ይጠጣል?»

ይህን ጣልያኑ አላለም፤ አስተርጓሚው ከራሱ የጨመረው ነው። ጣልያኑ መታ። ቆዳው በመጀመሪያው ተላጠ። እየመታ ይጠይቃል፤ አስተርጓሚው እየተረጎመ ይጠይቃል፤ ባለቤቴ ለማንም አልሰጠሁም ይላል። ደሙ ሱሪውን አልፎ ተረከዙ ላይ ደረሰ። በመጨረሻ ጣልያኑ እጁ ደክሞት አረፈና አንድ ነገር ተናገረ።

«እስከ ቀትር ካልተናገርህ ከዝግባው ላይ ትሰቀላለህ» ብሎ አስተርጓሚው ነገረው።

ዝግባው ከግቢው በር ፊት፣ ከመንገዱ ዳር ነው። ባለፈው ሳምንት የሰቀሉት ሰው ገና አልወረደም ነበር። ወፎች ፊቱን ጨርሰውታል።

እኔ ጎህ ሲቀድ ባናውን ከመኪናዋ ላይ አንስቼ አጥር ላይ አስጥቼው ነበር። ማልቀሴ ከተሰማ እኔንም ያስሩኛል ብዬ ፊቴን ባናው ውስጥ ቀበርኩ። ያን ጊዜ ሽታው መጣ። ወንድሜ መጣብኝ። ፊቴን ወደ ሌላው ጫፍ አዞርኩ። እዚያ የበግ ፀጉርና አቧራ ብቻ ይሸታል። ተመልሼ አሸተትኩ። ከአንደኛው ጠርዝ በቀር ቤንዚን የትም የለም። ያ ጠርዝ እርጥብ ነው።

ማታ ማታ ባናውን የማለብሳት እኔ ነኝ። ያ ጠርዝ በየትኛው በኩል እንደሚንጠለጠል አውቃለሁ፤ በግራ በኩል፣ ከበረቱ ምሰሶ ጋር ነው። አጎንብሼ ከመኪናዋ ሥር አየሁ። በግራ በኩል አፈሩ ጠቁሯል። ፍሙን ሁልጊዜ የማስቀምጠው በቀኝ ነበር፤ በግራ ምሰሶው አያሳልፈኝም። ስንት ጠዋት ከዚያ አፈር አጠገብ እሳት አስቀምጫለሁ! እመቤታችን በቀኝ አድርጊው ብላ እጄን ይዛኛለች እላለሁ።

ቀና ስል አንደኛው ወታደር ፍም በአካፋ ሞልቶ እየመጣ ነው። ጣልያኑ መኪናዋን ራሳችን አሙቀን እናስነሳታለን ብሎ ይሆናል። ወታደሩ በምሰሶው በኩል፣ በግራ ዞረ። ምሰሶው አካፋን አያግድም። ባለቤቴ እጁ ከብረቱ ጋር እንደታሰረ ነው።

አጠገቤ የውሃ እንስራ ነበር። አንስቼው ሮጥኩና አካፋው ላይ ከነእንስራው ሰበርኩት። ፍሙ ጮኸ፣ እንፋሎቱ ወታደሩን ፊቱን ገረፈው። በጠመንጃው ሰደፍ ትከሻዬን መታኝ። ወደቅሁ። ሆዴን በሁለት እጄ አቅፌ ተጠቀለልኩ፤ በሚቀጥለው ጀርባዬን አገኘው። የመጣው ይምጣ፣ ልጄን ብቻ አልኩ።

ጣልያኑ ሽጉጡን አውጥቶ ከራሴ በላይ ቆመ።

«እሳት አታስገቡ» አልኩ። «ቤንዚኑን ሰው አልወሰደውም። ሌሊት ከዚያ በኩል ሲፈስ ያድራል። ባናው ጠጥቶታል።»

አስተርጓሚው ወደ ታች እያየኝ፣ «እሜቴ፣ ደግሞ ባና ምስክር ይቁም?» አለኝ።

«ንገርልኝ።»

«ምን ብዬ? ባናው ማለ ብዬ?»

አልተረጎመውም። ተንፏቅቄ ሄጄ ባናውን ከአጥሩ ላይ ጎተትኩት። እርጥቡን ጠርዝ በጥርሴ ይዤ ቀደድኩ። መሬት ላይ ውሃ ያልነካው አንድ ፍም ወድቆ ያጨሳል። ቁራጩን ጣልኩበት።

የበግ ፀጉር እሳት ሲነካው ይኮማተራል፣ ይገማል እንጂ እንዲያ አይነድም። ያ ግን ቦግ ብሎ የሰው ቁመት የሚያህል ነበልባል ወጣው። ወታደሩ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ጣልያኑም ሁለት እርምጃ ሸሸ። መኪናዋን አየ፤ ከሥሯ ያለውን ጥቁር አፈር አየ። ከዚያ አስተርጓሚውን በጥፊ መታውና ጮኸበት።

«ፍቱት» አለ አስተርጓሚው ጉንጩን ይዞ።

ባለቤቴ ሲፈታ ጣቶቹ አብጠው አይታጠፉም። እንደዚያው ሆኖ ኮፈኑን በግራ በኩል ከፈተ። ጽዋ የምታህል ቤንዚን የሚጠራቀምባት ዕቃ አለች፤ አፏን ሞልታ በጎኗ እየፈሰሰች ነው። ከውስጧ ቀጭን መርፌ አወጣና በፀሐዩ አቅጣጫ አየው። ጫፉ ተበልቷል።

«ሲሞላ ይህች ነበረች ጉሮሮውን የምትዘጋው» አለኝ። የሚናገረው ለእኔ ነበር፣ ለእነሱ አልነበረም። «ተበልታ መዝጋት ትታለች። ሌሊት ይፈስሳል፤ የተረፈው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ያሰጥመዋል። ጠዋት የምትስለው ሰምጣ ነው። ፀሐይ ሲመታት ትደርቃለች፣ ትነሳለች። እኔ ብርድ እላለሁ።»

የመርፌውን ጫፍ በለስላሳ ድንጋይ እያሸ አስተካከለው። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ነቅሎ በነጠላዬ ጫፍ አደረቃቸው። ፈሳሹ እስኪተን ብዙ ጠበቀ። ያን ሁሉ ሲያደርግ ከጀርባው ደም ይንጠባጠባል፤ ዝንቦቹን የማባርርለት እኔ ነበርኩ።

ማዞሪያውን ይዞ ሲያሽከረክር ብረቱ ተመልሶ ክንዱን መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ማዞሪያውን በግራ እጁ ያዘው። አሽከረከረ። መኪናዋ ተነሳች፤ ያለ ፍም፣ ያለ ሳል።

ቀትር ገና አልሆነም ነበር። ጣልያኑ ሞተሩን ቆሞ አደመጠ። ከዚያ ለአስተርጓሚው ተናገረ፤ አስተርጓሚውም ያን ጊዜ ከራሱ ምንም አልጨመረም።

«አትሰቀልም ብለዋል። ለፈሰሰው ቤንዚን ግን ቅጣት አለህ።»

መልሰው አሰሩት። ሞተሩ እየሠራ ስለነበር የአለንጋውን ድምፅ አልሰማሁም። የጣልያኑን ክንድ ብቻ አይ ነበር፤ ሲወጣ፣ ሲወርድ። አሮጊቷ ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ እጃቸውን አስገብተው እጄን ያዙኝ። እስኪያበቃ አልለቀቁኝም።

ጣልያኑ በዚያው ቀን በመኪናዋ ወጣ። የሚነዳለት ሌላ አመጡ። እኔና አሮጊቷ ባለቤቴን በባናው ላይ አስተኝተን ጎትተን አስገባነው። ጀርባውን በቅቤ አለሰለስን፣ ክንዱን አሰርን። ክንዱ ጠማማ ሆኖ ገጠመ፤ ነገር ግን ገጠመ።

ልጁ በጥር ተወለደ። ሌላ መጠቅለያ ስላልነበረኝ በዚያው ባና ጠቀለልኩት፤ ብዙ ጊዜ አጥቤዋለሁ። ክርስትና ሲነሳ ቄሱ ተቀበሉትና አፍንጫቸውን ከባናው አሸሹ።

«ይህ ልጅ ምን ምን ይሸታል?» አሉ።

«ቤንዚን ነው አባቴ።»

«የምን ቤንዚን?»

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሟል፣ ጠማማ ክንዱን በነጠላው ሸፍኖ። ቄሱ እሱን አዩት፣ መልሰው ልጁን አዩ። ልጁን ከነባናው ወደ ደረታቸው አስጠግተው ጸሎቱን ጀመሩ። እኔም ያን ሽታ ከወንድሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይገለብጠኝ ሳብኩት።