ጥቁሩ ቦርሳና ሰማያዊው ቦርሳ

ሞንጫሪን አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣት ይህን ያህል ነው፦ ግማሽ ሳሙና፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ አንድ ምሳ። ሳሙናው ክንዷ እስኪቀላ ስትፈትግ ያልቃል። ጓንቱን የዛገ ቱቦ ይቀደዋል። ምሳው ደግሞ አይበላም፤ ዕቃው ይከፈታል፣ ይታያል፣ ተመልሶ ይከደናል። ፓስታ ከሆነማ ጭራሽ አይከፈትም፤ ጠዋት ከጉድጓድ በእጇ የጎተተችው ነገር ምን ይመስል እንደነበር አትረሳውማ። በዚህ ላይ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አንዴ አየሩን ማግ አድርጎ ብድግ ሲል ከውስጧ የሚጎድለውን ጨምሩበት። እሱን በምን እንደሚለኩት እስካሁን አላወቀችም።

ሞንጫሪ ብላ ስም ያወጣችላት እናቷ ናት። ልጅ ሳለች ከሰል ካገኘች ግድግዳው ላይ፣ እስክሪብቶ ካገኘች የገዛ ጭኗ ላይ ስትሞነጫጭር ትውል ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ ዓመት ሙሉ ቤት ስትቀመጥ፣ ልብስ ሰፊዋ እናቷ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ "ሥዕልሽን ቀቅለን አንበላው! ተነሺና ከአጎትሽ ጋር ውጪ" አለቻት። የእናቷ ወንድም የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ቤት የተዘጋ ፍሳሽ ሲከፍት የኖረ፣ አጭር፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ እጁ ከመታጠብ ብዛት የተላላጠ ሰው።

አጎቷ ሁለት ቦርሳ አለው። ጥቁሩ ለፍሳሽ ነው፣ ሰማያዊው ለንጹህ ውሃ። በጥቁሩ ውስጥ ያለ መፍቻ ቁልፍ፣ ብሩሽ ወይም ጨርቅ፣ ሰማይና ምድር ቢገለባበጥ የሚጠጣ ውሃ የሚሄድበትን ቧንቧ አይነካም። ሞንጫሪ ይህን ሕግ የተማረችው በውርደት ነው።

ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ጡረታ የወጡ አንዲት አስተማሪ ቤት የተዘጋ ሽንት ቤት ሲከፍቱ ዋሉ። ከቱቦው የወጣው የልጅ ልጃቸው ዳይፐር ነበር፤ ውሃ ጠጥቶ ትራስ አክሏል፣ ያውም ከነይዘቱ። አጎቷ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ "እልል በይ እንጂ፣ ወንድ ነው!" አላት። እሷ መስኮት ላይ ተንጠልጥላ ጠዋት የጠጣችውን ሻይ ታስመልስ ነበር። ቶሎ ጨርሳ ለመውጣት ስትጣደፍ፣ የሚያንጠባጥበውን የወጥ ቤት ቧንቧ እጇ ላይ ባለው ቁልፍ ጠበቅ አደረገችው።

"ከየትኛው ቦርሳ ነው እሱ?" አለ አጎቷ ከኋላዋ።

"ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነካሁት።"

"ከየትኛው?"

"...ከጥቁሩ። ማን ያውቃል? ቁልፉ አይናገር!"

"ሆዳቸው ይናገራል" አለና ወደ አስተማሪዋ ዞረ። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ቧንቧዎን አቆሽሸንብዎታል። ፈተን አጥበን እስክንገጥመው ድረስ ከዚህ ውሃ እንዳይቀምሱ።"

ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሞንጫሪ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አጎቷ ቧንቧውን ብሎን በብሎን አስፈትቶ፣ በፈላ ውሃ አስቀቅሎ፣ እንደገና አስገጠማት። ወደ ቤት ሲመለሱ ቀድማው ሄደች። ሽታውን ጠላችው፣ ሰማያዊውን ቦርሳ ጠላችው፣ ከሁሉ በላይ የአጎቷን ድርቅና ጠላችው።

የንቅሳት ቤቱ ጥሪ የመጣው ይህን ሁሉ ጠልታ በጠገበችበት ሰሞን ነው።

የተጠሩት የእጅ መታጠቢያው ተዘግቶ ነበር። ክፍሉ ነጭ ነው፤ ግድግዳው ነጭ፣ መብራቱ ነጭ፣ መሐል ላይ እንደ ጥርስ ሐኪም ያለ የሚተኛ ወንበር። ሽቶ ይሸታል። ባለቤቱን ሁሉም "ማስተር" ይለዋል፤ ጺሙ በመስመር የተላጨ፣ ክንዱ በእባብና በአበባ የተሞላ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። አጎቷ ከመታጠቢያው ሥር ተንበርክኮ የቧንቧውን መታጠፊያ ሲፈታ ጥቁርና ቀይ የሆነ ዝቃጭ፣ ፀጉርና የጥጥ ቁራጭ እየዘረገፈ ወረደ። ወደ አፍንጫው አስጠጋና ፊቱ ተጨማደደ።

"ደም አለበት" አለ ቀስ ብሎ።

"ቀለም ነው ባክህ ጋሼ" አለች ሞንጫሪ፣ ማስተር እንዳይሰማው አፍራ።

እሷ ተራዋ እስኪደርስ ባዶ ካርቶን ላይ ጅራቷ ወደ ቧንቧ የተለወጠች ወፍ ትሞነጫጭር ነበር። ማስተር ከላይ አጮልቆ አየና ፉጨት አሰማ።

"ይህን እጅ ነው ሽንት ቤት ውስጥ የምትከቺው?"

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ተናግሯት አያውቅም። "ሰኞ ነይና ሥራውን እዪው" አላት። "ከተስማማሽ ቅዳሜ ተለማማጅ አድርጌ እይዝሻለሁ። በዓመቱ የመንቀሻ ማሽን ትጨብጫለሽ።"

ችግሩ አርብ ነበር። ለቧንቧ ሙያ ፈቃድ ፈተና የሚመዘገቡት እስከ አርብ ስድስት ሰዓት ነው፤ አንድ ባለሙያ የሚያስመዘግበው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያውም በሁለት ዓመት አንዴ። አጎቷ የእሷን ቦታ ይዞላታል። ካልመጣች የጎረቤቱን ልጅ ያስመዘግባል።

እናቷ ይህን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን ቀጥ አድርጋ አቆመች። "አንደኛው ከሰገራ፣ ሌላው ከደም! ንጹህ ሥራ ከምድር ጠፋ ወይ? በይ ደግሞ እኔም ላይ ንቀሺብኝ፣ ግንባሬ ላይ 'ያልታደለች' ብለሽ!"

አጎቷ ግን ሻይውን ፉት እያለ፣ "ተያት፣ ሄዳ ትየው" አለ። "አርብ ስድስት ሰዓት ግን ስድስት ሰዓት ነው።"

ሰኞ ገነት የገባች መሰላት። ነጭ ሸሚዝ ለበሰች። ሥራዋ ንድፉን ወረቀት ላይ መገልበጥና ቆዳው ላይ ማሳረፍ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት እስከ መጨረሻው ፌርማታ አልተነሳችም። እቤት ገብታ ምሳዋን እስከ ታች ጠርጋ መብላቷን ለእናቷ በኩራት አሳየች።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ትንሿን የቀለም ክዳን አየች። ነቃሹ ከጠርሙስ ትንሽ ቀለም ወደ ክዳን ይቀዳል፤ መርፌውን እየነከረ የሰው ቆዳ ይወጋል፤ ደሙን እየጠረገ መልሶ ይነክራል። ሥራው ሲያልቅ የተረፈው መደፋት አለበት። ማስተር ግን አልደፋም። ክዳኗን አንስቶ የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ መለሰው። ጥቁሩ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ነገር ሲወርድ ሞንጫሪ በዓይኗ በብረቱ አየች።

"ማስተር፣ የምትመልሰው..."

"ውድ ነው እኮ ቀለሙ፣ የኔ ቆንጆ። ጥቁር ደግሞ ጥቁር ነው።"

ከሰዓት በኋላ መርፌውን አየች። ካንዱ ክንድ ወጥቶ፣ አልኮል ነከር ተደርጎ፣ በሸሚዙ ጫፍ ተጠርጎ፣ ሌላው ክንድ ውስጥ ገባ። መሳቢያው ውስጥ ያልተከፈቱ መርፌዎች በየፖስታቸው ተደርድረዋል፤ ለዓይን ናቸው። ሽቶው ምን ለመሸፈን እንደሚረጭም ገባት፤ ከወንበሩ ሥር ያለው ባልዲ ውስጥ የረጋ ደም የጠጣ ጥጥ ካለፈው ሳምንት አንስቶ ተጠራቅሟል፣ ዝንብም ሰፍሮበታል። የሰው ሽንት ቤት ቢያንስ ሽንት ቤት ነኝ ይላል። ይህ ግን ነጭ ለብሶ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ የሚሸት ጉድጓድ ነበር። ምሳዋ እዚህም ተከድኖ ተመለሰ።

ሆኖም ዝም አለች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ማክሰኞ ከሰዓት ዝም አለች፣ ረቡዕ ሙሉ ቀን ዝም አለች። ወንበሩን ፈልጋው ነበር፣ ማሽኑን ፈልጋው ነበር፣ አውቶቡስ ውስጥ የማይሸሿት ሰው መሆን ፈልጋ ነበር። "ሁሉም ጋ እንዲህ ይሆናል" እያለች አምስት ሰዎች ላይ በገዛ እጇ ንድፍ አሳርፋ ወደ መርፌው ሰጠቻቸው።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ አንድ ሰውዬ የድሮ ንቅሳቱን ሊያስደምቅ መጣ። ባቱ ላይ ቁስል ቋጥሮ ውሃ ያዣል። ማስተር ዙሪያውን ወግቶ ሸኘው። ወዲያው ከኋላው ሕፃን የታቀፈች ወጣት እናት ገባች። የልጇን ስም የእጇ አንጓ ላይ ማስነቀስ ፈልጋለች።

"ያዢልኝ እስቲ እህቴ" ብላ ልጁን ለሞንጫሪ ሰጠቻት። ሳታመነታ፣ አፍንጫዋን ሳትይዝ። ሕፃኑ የሞንጫሪን አመልካች ጣት ጨብጦ ወደ አፉ ወሰደ። እሷ ከልምድ ጣቷን ነጠቀችው፤ ታጥባው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። ያኔ ቀና ስትል ማስተር ያንኑ መርፌ አንስቶ እዚያው ክዳን ውስጥ ሲነክር አየች።

"እሱ ከጥቁሩ ቦርሳ ነው!" ብላ ጮኸች።

ሁለቱም ምን እንደምትል ግራ ገብቷቸው አዩዋት። ወደ እናትየው ዞረች። "እህቴ፣ እጅሽን አንሺ። ያ መርፌ አሁን የወጣው ሰውዬ ቁስል ውስጥ ነበር። ቀለሙም የሱ ትራፊ ነው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ማስተር ሳቀ። "የሽንት ቤት ልጅ ንጽሕና ታስተምረኝ ጀመር!"

"አዎ፣ የሽንት ቤት ልጅ ነኝ" አለች። "ሽንት ቤት ውስጥ እንኳን እንዲህ አይደረግም። እስቲ አዲሱን መርፌ ፊቷ ክፈተው! መሳቢያው ሙሉ አይደል?"

አልከፈተውም። እናትየው ልጇን ከሞንጫሪ እጅ ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች፤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን ዞር ብላ እስኪበቃት አየቻት። ማስተር የሞንጫሪን ቦርሳ ወደ ውጭ ወረወረው። ነጩን ሸሚዝም አስወልቋት፣ በውስጥ ሹራቧ መንገድ ላይ ቀረች።

አርብ አራት ሰዓት ላይ አጎቷን ያገኘችው አንድ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ተደፍቶ ነው። ሁሉንም ነገረችው፤ ሁለት ቀን ዝም ማለቷንም አልደበቀችም። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ጓንቱን እያወለቀ፣ "ስንት ሰው ነው?" አላት።

"አምስት።"

"ታስታውሻቸዋለሽ?"

"ንድፋቸውን አስታውሳለሁ።"

"እንግዲያስ መጀመሪያ ተመዝገቢ፣ ከዚያ እንፈልጋቸዋለን" አለና ተነስቶ እጁን ይፈትግ ጀመር። መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ስሟ ሰፈረ። ፀሐፊዋ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ነው የጻፈችላት። ሞንጫሪ ያን ቀን አልከፋትም።

ከምዝገባው ቀጥታ ጤና ቢሮ ሄደው አመለከቱ፤ በሳምንቱ ተቆጣጣሪዎች ሄደው ንቅሳት ቤቱን አሸጉት። ሞንጫሪ አምስቱን ንድፎች እንደገና በወረቀት ሥላ በየሰፈሩ ይዛ ዞረች። ከአምስቱ አንዱን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ምድጃው ፊት አገኘችው፤ ዱቄት በያዘ እጁ ሊመታት ቃጥቶ ነበር፣ በማግስቱ ግን ራሱ ተመርምሮ መጣ። ተመሳሳይ ቅጠል የተነቀሱትን ሁለት እህትማማቾች እናቷ በደንበኞቿ በኩል አገኘችላት። ሦስቱም ደማቸውን አስመርምረው ለጊዜው ደህና ተብለዋል፤ ከሦስት ወር በኋላ ይደግማሉ።

አሁንም ሞንጫሪ ፍሳሽ ትከፍታለች፤ ፈተናውን ካለፈች የራሷን ሁለት ቦርሳ ትገዛለች። ሽታው አሁንም ያስጠላታል፣ አልለመደችውም፣ ምሳዋም ብዙ ቀን ተከድኖ ይመለሳል። የሚያስመልሳት ግን ያ አይደለም። የሚያስመልሳት ማክሰኞና ረቡዕ ናቸው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡትን አንድ ነገር ትለምናችኋለች። ሁለት ሰው ቀርቷታል። አንደኛው ሩቅ መንገድ የሚነዳ ሹፌር ነው፤ ግራ ትከሻው ላይ ጅራቷን የቀሰረች ጊንጥ አለች፣ አንዱ እግሯ ከቀሩት ያጠረ። ያሳጠረችባት ሞንጫሪ ናት። ሁለተኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ የምትበር ትንሽ ወፍ አለቻት፣ ጅራቷ እንደ ቧንቧ የተጠመዘዘ። አውቶቡስ ውስጥ፣ መናኸሪያ ላይ፣ ፀጉር ቤት ወረፋ ስትጠብቁ ካያችኋቸው፣ እባካችሁ ጠጋ በሉና፣ "ንድፉን ያሳረፈችው ልጅ ይቅርታ ትላለች፤ ዛሬውኑ ሄደህ ተመርመር፣ ሄደሽ ተመርመሪ" በሏቸው። እሷን ቢሰድቧትም ግድ የላትም። ብቻ ይሂዱ።