ከሰንጠረዡ ያልወጣችው ማክሰኞ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ጫጫ ላይ ሲቆም፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለ ብሎክቼይን ይከራከሩ ነበር። አንደኛው «የኔው ኔትወርክ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ግብይት ያስተናግዳል፤ ያንተ ኤሊ ነው» አለ። ዞሬ ልመልስለት አሰብኩና ተውኩት። ደሜ ግን ፈልቶ ነበር። ይኸው ክርክር በወጣትነቴ ከምርቃት አስቀርቶኛል።

ደብረ ብርሃን፣ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። መመረቂያ ጽሑፌ ሦስት የብሎክቼይን ኔትወርኮችን ማወዳደር ነበር፤ የትኛው ይፈጥናል፣ መዝገቡ በስንት ሰው እጅ ተበትኗል፣ ኮዱንስ እነማን ይጽፉታል። ብሎክቼይን ሲባል ለሚደነግጥ ሰው፣ ነገሩ ብዙ ኮምፒውተር ላይ ተባዝቶ የሚቀመጥ፣ አንዱ ብቻውን ሊሰርዘው የማይችል መዝገብ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ በዚያ ብርድ ጋቢ ደርቤ፣ ገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ የሙከራ ግብይት እየላክሁ የሚፈጀውን ሰዓት ስመዘግብ ከረምኩ።

ከሦስቱ ፈጣን የሚባለው በእርግጥም ፈጣን ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ግን ቀጥ አለ። ግማሽ ቀን አንድም ነገር አልመዘገበም። መልሰው ያስነሡት ጥቂት ሰዎች ተነጋግረው ነው። ኮዱን የሚጽፉትንም ብቆጥር፣ አብዛኞቹ የአንድ ድርጅት ተቀጣሪዎች ሆነው አገኘኋቸው።

አማካሪዬ ሰንጠረዡን አየና «ማክሰኞን አውጫት» አለኝ። «አማካዩን ታበላሽብሻለች። ፈጣኑን አንደኛ በዪና ተመረቂ።»

«ቆሞ ነበር እኮ፣ መምህር።»

«ካላወጣሻት አልፈርምም።»

ቅዳሜ አንኮበር፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄድኩ። ሰኔ ነበር፤ ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ መኪናው በቀትር መብራት አብርቶ ነው የደረሰው። አባቴ በሶ እየጨበጠ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ይሄ ቆመ ያልሽው መዝገብ ስንት ሰው ዘንድ ነው ያለው?»

«ከሌሎቹ ሲነጻጸር ጥቂት ሰው ዘንድ፣ አባዬ።»

በእኛ ቀዬ የወሰን ድንጋይ የሚተከለው የአራቱም ማሳ አዋሳኞች ቆመው ሲያዩ ነው። አንዱ ገበያ ከወጣ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ልጅ ሳለሁ ይህ መጓተት ያናድደኝ ነበር።

«የወሰን ድንጋይ መትከል ይዘገያል» አለ አባቴ። «ድንጋዩን ግን ማንም ብቻውን አያነሳውም። ወሰንሽን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው የከፋው ለት መሬት የለሽም።»

ሰኞ ተመልሼ ጽሑፉን ማክሰኞ እንዳለችበት አስገባሁ። አማካሪዬም እንዳለው አልፈረመም። ጓደኞቼ ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ እኔ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ዣንጥላ ይዤ ቆሜ አጨበጨብኩ። ማልቀሱንም አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም። በሚቀጥለው ሴሚስተር፣ በሌላ አማካሪ ስር፣ ያንኑ ጽሑፍ አንድ ቃል ሳልለውጥ አቀረብኩት። ስለ መዘግየቴ ነጥብ ተቀንሶ በ«ሲ» ውጤት አለፍኩ።

አሁን የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ያቺ ሲ እስከ ዛሬ ትራንስክሪፕቴ ላይ አለች፤ ሥራ ስጠይቅ አንዳንዱ አይቷት ፊቱን ያጠቁራል። ያጥቁር። ፍጥነት አልጠላም፤ ሚኒባስ ሲንቀራፈፍ እኔም እነጫነጫለሁ። የቆመውን ግን አልቆመም አልልም። የዚያን ዘመን ጓደኞቼ ታሪኩን ሲያነሡ «አማካሪዋ አልፈርምም ብሏት» እያሉ ያዝኑልኛል። ማክሰኞ በሌለችበት ሰንጠረዥ ላይ አልፈርምም ያልኩት ግን እኔ ነኝ።