የክርስቶስና የነቢዩ ሰዎች በአንድ መትረየስ

ያች ኮረብታ ስም አልነበራትም። በካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበራት፤ እኛ ግን አናቷ ላይ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ ስላልነበረ «ራሰ በራዋ» እንላት ነበር። የሰሜን ግንባር ነው። ትእዛዙ የደረሰን ከሰዓት በኋላ ነበር፦ «የእናንተ መቶ ራሰ በራዋን ይዞ ይቆያል። ተተኪ እስኪመጣ ወደ ኋላ የለም።» ወጣን። ተተኪ አልመጣም።

ይህን የምጽፈው እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ-አሌፍ በሚባለው ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ ነው። ባለፈው ሳምንት እኛ ሽማግሌዎች በምንሰበሰብበት ሞዓዶን አንዲት የጎረቤት ልጅ፣ ገና ከጻባ፣ ከዚህ አገር ጦር፣ የወጣች ወታደር፣ ተነሥታ ጠየቀችኝ። «አባባ፣ አንቱ የሁሉንም መጽሐፍ አንብበዋል ይላሉ። ክርስትናን የመሠረተውና እስልምናን የመሠረቱት ሲወዳደሩ፣ ማን ይበልጣል?» አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ «የሰላም ሰው» አለ፣ ሌላው «የሰይፍ ሰው» አለ፣ ሦስተኛው «እኛን ምን አገባን፣ የሙሴ ልጆች ነን» አለ።

እውነቱን ልናገርና፣ ልጅቱ የጠየቀችው ትክክለኛውን ሰው ነው። የተማሪ ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ። አገሬ ጎንደር ነው፤ አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ማንበብ የጀመርኩት ጨው ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ነው። ኦሪትን ጨረስኩ። ወንጌልን ማረሻውን ከሳልንለት ዲያቆን ተውሼ አነበብኩ፤ ቁርኣንን በአማርኛ ተተርጉሞ ከአንድ ነጋዴ ዘንድ አገኘሁ። ዕብራይስጡንም እዚህ ከጋዜጣ ላይ ለብቻዬ ነው የለመድኩት። በሞዓዶናችን በክርክር የረታኝ ሰው እስካሁን የለም። ያን ዕለትም ቆሜ አስረዳሁ፤ አጨበጨቡልኝ። ቤቴ ስገባ ግን ዋናውን ነገር ሳልነግራቸው እንደቀረሁ ታወቀኝ። እሱ ያለው ራሰ በራዋ ላይ ነው።

የእኛ ጓድ አንድ መትረየስ ነበረው። ተኳሹ መንገሻ የጎጃም ልጅ፣ ማተብ ከአንገቱ የማይወልቅ ክርስቲያን ነው። ጥይት የሚያጎርስለት ረዳቱ ሰይድ የወሎ ልጅ፣ በተኩስ መካከል እንኳ ሶላቱ የማያልፈው ሙስሊም ነው። አንድ ብርድ ልብስ ይለብሳሉ፤ ከአንድ ኮዳ ይጠጣሉ። እኔ ክላሼን ይዤ በጎናቸው ነበርኩ። ቤተ እስራኤል ስለሆንኩ «ኦሪት» ይሉኛል።

ቂብላው፣ ሰይድ ሲሰግድ ፊቱን የሚያዞርበት አቅጣጫ፣ ሰሜን ነው። ወዲያኛው ወገን የመሸገውም በሰሜን ነው። መንገሻ በዚህ ይስቅበታል።

«አንተ ሰው፣ ለእነሱ ነው እንዴ የምትሰግደው?»

«በጥይት አልሆነልንም፤ በዱዓ እየሞከርኩ ነው» ይለዋል ሰይድ።

እንዲህ ነበሩ። ከዚያ ስንቅ አለቀ። መንገዱ ተቆርጧል። የቀረን ኮቾሮ ነው፤ ኮቾሮ ማለት በድንጋይ ካልሰበሩት የማይበላ ደረቅ ዳቦ ነው። እሱም ወደ ዱቄትነት ሄደ። ሰው ቆሞ ሳለ ያዞረው ጀመር።

አንድ ማለዳ አንዲት ፍየል ከገደሉ በኩል ወጣች። ባለቤቷ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ያዝናት። የጓዱ መሪ ሃምሳ አለቃ ደጀኔ አያትና ወደ እኛ ዞረ። «አንድ ፍየል ናት። ግማሾቻችሁ ክርስቲያን፣ ግማሾቻችሁ ሙስሊም። ማን እንደሚያርድ ተስማሙና ንገሩኝ። ዛሬ ሁላችሁም ካልበላችሁ ነገ ይህን ኮረብታ የሚይዝ ሰው የለኝም።»

የአገራችንን ልማድ ለማያውቁ የእዚህ ልጆች ላስረዳ። በእኛ አገር ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። በቢላዋው ላይ የተጠራው ስም ሥጋውን የዚያ ሃይማኖት ያደርገዋል። አብረው ያድጋሉ፣ አብረው ያርሳሉ፣ በሠርግ ግን ሁለት ድስት ይጣዳል። እኛ ቤተ እስራኤሎች ደግሞ የሁለቱንም አንበላም።

መንገሻ «በስመ አብ ብዬ እኔ ልረድ» አለ። ሰይድ «ቢስሚላህ ብዬ እኔ ልረድ፤ አንተ አንድ ቀን ብትበላ ምን ትሆናለህ?» አለ። እንዲህ ተጀመረ፤ ከቢላዋው ወደ መሥራቾቹ ተሻገረ።

«የእኔ ጌታ ሰይፍ አልያዘም» አለ መንገሻ። «ጴጥሮስ ሲመዝዝ እንኳ ወደ ሰገባው መልስ ነው ያለው።»

«ታዲያ አንተ መትረየስ ይዘህ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ወታደሩ ሁሉ ሳቀ። መንገሻ ግን አልሳቀም። «የአንተስ ነቢይ ሐበሻን አትንኩ ብለዋል ትለኝ አልነበረም? ከፊታችን ያለው ሐበሻ አይደለም?»

አሁን ማንም አልሳቀም። ራብ ሰውን ክፉ ያደርጋል። ቃል ቃልን ወለደና መንገሻ ስለ ነቢዩ አንድ ነገር ተናገረ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ሰይድ ተነሥቶ ብርድ ልብሱን ለመንገሻ ተወለትና ወደ ምሽጉ ሌላ ጫፍ ሄደ። ፍየሏ እንደታሰረች ቀረች።

ረፋዱ ላይ ወዲያኛው ወገን ፈተነን። በግራ በኩል መጡ። ሰይድ ወደ ቦታው ተመልሶ ያጎርሳል፣ መንገሻ ይተኩሳል፤ አይነጋገሩም። መትረየስ የሁለት ሰው ሥራ ነው። «ያዝ»፣ «ልቀቅ»፣ «ቀኝ» ካልተባባሉ አይሠራም። የጥይቱ ሰንሰለት ተጣመመ። መትረየሱ ዝም አለ። መልሰን እስክናስነሣው ድረስ በግራ በኩል ወርቁ ተመታ። ወርቁ ዝምተኛ የሸዋ ልጅ ነበር። ወዲያው አረፈ፤ የወደቀው ከምሽጉ ውጭ ነበርና ሬሳውን ልናነሣ አልቻልንም።

ጥቃቱ ሲበርድ ሃምሳ አለቃው ወደ እኔ መጣ። «አንተ ያነበብክ ነህ። ከሥጋውም ድርሻ የለህም፣ ለማንም አታዳላም። አስታርቅልኝ። ይህ መትረየስ ካልተናገረ አልቀናል።»

ለዚህ ሥራ ከመቶው ሁሉ ከእኔ የተሻለ ሰው አልነበረም። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አስቀመጥኩና ጀመርኩ። ሞዓዶን ውስጥ የተናገርኩት ያኔ የተናገርኩትን ነው።

«አንዱ ከአናጢ ቤት አደገ፤ ሌላው ከአባት ሳይተዋወቁ፣ እናታቸውም በልጅነት ሞተውባቸው በአጎት እጅ አደጉ። አንዱ ሚስትም ቤትም አልነበረውም። ሌላው ነጋዴ ነበሩ፤ አገቡ፣ ወለዱ፣ ወንዶች ልጆቻቸውን በሕፃንነታቸው ቀበሩ። አንዱ ያስተማረበት ዘመን አጭር ነው፤ በወጣትነቱ ተይዞ ደቀ መዛሙርቱ ተበተኑ። ሌላው ከተወለዱበት ከተማ ተሰደዱ፤ ኋላ አገር ገዙ፣ ዳኙ፣ ጦር መሩ፣ ሸምግለው በቤታቸው አረፉ። አንዱ መንግሥቴ ከዚህ ዓለም አይደለችም አለ፤ ሌላው በዚህ ዓለም ፍርድና ዘካ ሠሩ። ስለዚህ አንዱን በሌላው መለኪያ መስፈር ውኃን በክንድ እንደመለካት ነው። ሁለቱም ግን የተራበ አብሉ ብለዋል፤ እናንተ በተራበ ሰው መካከል ፍየል አስራችሁ ትጣላላችሁ።»

ጥሩ ንግግር ነበር። ዛሬም አንድ ቃል አልቀንስለትም። መንገሻ ግን መሬት መሬት ያያል፤ ሰይድም አልተነቃነቀም።

በመጨረሻ ሰይድ ለእኔ ሳይሆን ለመንገሻ ተናገረ። «አንተ የእኔን ነቢይ ሰደብክ። እኔ መልሼ የአንተን መስደብ አልችልም። ዒሳ የእኔም ነቢይ ናቸው። እናታቸው መርየምም በቁርኣን ስማቸው በክብር ነው የተጠራው። በምን ልመልስልህ? እጄን አስረህ ነው የመታኸኝ።»

መንገሻ ከወገቡ ቢላዋውን አውጥቶ በእጀታው በኩል ዘረጋለት።

«እረድ።»

«ትበላለህ?»

«እበላለሁ። ከተረፍን ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ። ካልተረፍን ጌታ ራሱ ይጠይቀኝ። ወንድሜ፣ አፌን ይቁረጠው።»

«አፍህንማ አይቁረጠው፤ በምን ልትበላ ነው?» አለ ሰይድ። ያን ጊዜ መንገሻ አለቀሰም ሳቀም።

ቀትር ላይ ነው። ሰይድ ከኮዳው ትንሽ ውኃ አፍስሶ ለፍየሏ አጠጣት፤ ተጠምታ አትታረድም አለ። ከምሽጉ ወጣ ባለች ሜዳ ላይ አጋደማት፤ ራሷን ወደ ቂብላው አዞረ። ክርስቲያኖቹም ቀርበው ቆሙ። አንዳንዱ አማተበ። ሰይድ ቢላዋውን አነሣ። ቃሉን አልጨረሰውም። ሞርታር ነበር።

አቧራው ሲገለጥ ፍየሏ ተዘርግታለች፤ ሰይድ በላይዋ ተደፍቷል። መንገሻ ገለበጠው። ሞቶ ነበር።

ተከትለው በግንባር መጡ። መንገሻ መትረየሱ ላይ ተወረወረ፤ እኔ በሰይድ ቦታ ገባሁ። አጎረስኩ። ተኮሰ። «ቀኝ» አልኩት፤ «አየሁ» አለኝ። ክንዱ በጋለው ብረት ተቃጠለ፤ አላወቀውም። እስከ አመሻሽ ያዝናቸው። ከዚያ ተመለሱ።

ሃምሳ አለቃው ፍየሏን አሳየን። «ብሉ። ትእዛዝ ነው።» ማንም አልተነሣም። በፍንጣሪ የሞተች እንጂ የታረደች አይደለችም፤ ለክርስቲያኑም በክት ናት፣ ለሙስሊሙም በክት፣ ለእኔም በክት። በዚያ ቀን ሁላችንም የተስማማንበት ነገር ያ ብቻ ነው። የሞተ ጓዳችን አጠገባችን ተዘርግቶ፣ በራብ እየተንቀጠቀጥን፣ አንዲት የሞተች ፍየል አልነካንም። ሃምሳ አለቃውም ቆይቶ ቢላዋውን መሬት ላይ ጣለው። እሱም አልበላም።

ሰይድን ለመቅበር መንገሻ ወደ እኔ መጣ። ሌሎቹ ሙስሊሞች በሌላው ጫፍ ጥበቃ ላይ ነበሩ፤ ቦታ መልቀቅ አይቻልም። «አንተ አንብበሃል። እንዴት ነው የሚቀብሩት?» ነገርኩት። ውኃ የለም፤ ነጭ ጨርቅም የለም። በብርድ ልብሱ፣ በዚያው በሁለቱ ብርድ ልብስ ገነዝነው። በቀኝ ጎኑ ማስተኛት ይገባል፤ ፊቱን ወደ ቂብላው። አቅጣጫውን ለማወቅ አልተቸገርንም፤ ፍየሏን ራሱ አስተካክሎ አዙሯት ነበር።

በእኛ በቤተ እስራኤል ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከመንደር ወጥቶ ለብቻው ይቀመጣል። መንገሻ ይህን ያውቅ ነበር። «እንግዲህ ከእኛ ልትለይ ነው?» አለኝ።

«ወዴት ልለይ?» አልኩት። ከምሽጉ ውጭ ያለው መሬት የማንም አልነበረም።

ጎህ ሲቀድ የማፈግፈግ ትእዛዝ መጣ። መትረየሱን ለሁለት ይዘን መውረድ ጀመርን። መንገሻ በራብ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሦስተኛ የወደቀው በጥይት ነበር። ድንጋይ ተከልለን ደሙን በማተቡ ክር ሳይቀር ላስር ሞከርኩ።

«ኦሪት፣ ሰይድ ይቅር ብሎኝ ነው የሄደው?»

«ቢላዋህን ተቀብሎህ የለም?»

«ነቢዩስ? የሰደብኳቸው? እንዲህ ያለ ሰው ይቅር ይላሉ? አንብበሃል አይደል። ንገረኝ።»

አንብቤያለሁ። ይቅርታ ያደረጉበትን ቦታም አውቀው ነበር። ወደ መካ በድል ሲመለሱ ያሳደዷቸውን ሰዎች ምሬያችኋለሁ ብለው ለቀቋቸው። ወንጌሉም አለ፤ የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው የሚለው። ሁለቱንም ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው የሰማው አይመስለኝም።

ልቀብረው አልቻልኩም። ሃምሳ አለቃው ከኋላዬ ጎተተኝ።

ከኮረብታው ግርጌ ተሰልፈን ተቆጠርን። ስም ሲጠራ የቀሩት፦ ወርቁ፣ ሰይድ፣ መንገሻ፣ ከመንገሻ በኋላ ደግሞ በመውረጃው የተመቱት ከድርና አለማየሁ። አምስት። ቆጣሪው መኮንን «የተቀበረ?» ብሎ ጠየቀ። «አንድ» አልን። ለሌሎቹ ማን እንደጸለየላቸው፣ ወዴት ፊታቸውን እንዳዞሩ የሚያውቅ የለም። ያችን ኮረብታ ከዚያ በኋላ የእኛ ወገን አልረገጣትም። አሁን ድንበር መሐል ገብታለች።

ልጅቱ የጠየቀችኝን ጥያቄ መመለስ እችላለሁ። በሞዓዶኑ እንደመለስኩት ዛሬም ነገም እመልሰዋለሁ፤ አንዱ ምን እንዳስተማረ፣ ሌላው ምን እንደሠሩ፣ የት እንደሚገናኙ፣ የት እንደሚለያዩ። እዚህም አዛቃ፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ ሲጮህ ወደ መጠለያው እንወርዳለን፤ እዚያም ተቀምጠው ማን ይበልጣል ይላሉ። አሁን አሁን አልከራከርም። መሥራቾቹን ያገኘኋቸው በመጽሐፍ ነው። ያየኋቸው ተከታዮቻቸውን ነው፤ ሁለቱ በጣም ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሳይበሉ ሞቱ።