ኮምፒዩተሩ ድሬዳዋ እንዳይሄድ

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አሰበ ተፈሪ፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ ፕሮጀክት ቢሮ በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ታይፕ ጣት እንጂ ራስ አይፈልግም፤ በስድስት ወር ሰለቸኝ። በ1981 ከአዲስ አበባ አንድ ኮምፒዩተር መጣልን። ሊተክለው አብሮት የመጣው ቴክኒሻን ጥቂት ነገር አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ታይፕ መኪናዬን ማየት አስጠላኝ።

ችግሩ መብራት ነበር። ጄኔሬተሩ ቀጥ ባለ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ሁሉን ይረሳል። ሲነሣ ቀን ይጠይቃል፣ ሰዓት ይጠይቃል። ከዚያ ፕሮግራሞቹ የት እንዳሉ፣ የትኛው ዲስክ ላይ እንደሚጽፍ፣ ፕሪንተሩ በየት በኩል እንደሆነ፣ መስመር በመስመር ታዢዋለሽ። አንዲት ነጥብ ከሳትሽ አልሰማም ይልሻል። ኃላፊያችን ይህን ሲያዩ ከረሙና ቆረጡ፤ "የሚኤሶና የቦርደዴ ጉድጓዶች ሪፖርት ከዚህ ማሽን እስከ ቅዳሜ ካልወጣ፣ ቴክኒሻኑን በሚወስደው የቅዳሜ መኪና እሱም ድሬዳዋ ይሄዳል።" ማሽኑ ሄደ ማለት እኔ ወደ ታይፑ ተመለስኩ ማለት ነው።

ቴክኒሻኑን ጠይቄ ትእዛዞቹን በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ደረደርኳቸው፤ ዲስክ ላይ የተጻፈ ከመብራቱ ጋር አይጠፋም። የፋይሉን ስም ስትጽፊ ማሽኑ ተራ በተራ ይፈጽማቸዋል። ስሙን በኦሮምኛ "ካኢ" አልኩት፤ ተነሥ ማለት ነው። የጄኔሬተሩ ሠራተኛ ይህን ሰማና፣ "ያንቺ ታድሎ በቃል ይነሣል፤ የኔ በእርግጫ ነው" አለኝ።

ጠዋት ቴክኒሻኑ፣ ከሰዓት እኔ፣ በየዲስካችን መጻፍ ያዝን። የሚኤሶን ክፍል እሱ ጀምሮት ነበር፣ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት እሱ ሁሉን ወደ አንድ ዲስክ ሲሰበስብ ሁለት የሚኤሶ ፋይል አገኘ፤ ቀናቸውን አይቶ አሮጌ ያለውን አጠፋው። ያጠፋው የኔን ነው። ማሽኑ ቀን ሲጠይቀው እሱ የፈረንጁን ይሰጣል፣ እኔ የኛን።

"ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈው ፋይል ነው እኮ። አንቺ የምትኖሪው በየትኛው ዘመን ነው?"

"አንተ ደሞዝ በምትበላበት።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ደግነቱ ከመስክ የመጡት ቅጾች በእጃችን ነበሩ። ዓርብን ሙሉ እሱ እያነበበልኝ እኔ እንደገና ጻፍኩ። መብራቱ ስንቴ እንደሄደ አላውቅም፤ በመጣ ቁጥር ግን ትእዛዝ ስፈልግ አልቆየሁም። ቅዳሜ ጠዋት ሪፖርቱ ሲታተም መኪናው በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር።

ኃላፊው ገጾቹን አገላብጠው ወደ ማሽኑ ዞሩ። ካኢን በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፏት፤ ሠራችላቸው።

"ለካ ሕፃንም ይችለዋል። በሉ ማሽኑ እዚሁ ይቅር፤ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ይይዘዋል። አንቺ ታይፕሽ ላይ ተመለሺ።"

"ጓድ፣ ቀላል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ያለዚያች ቃል እስቲ ያስነሡት።"

አጥፍቼ አበራሁላቸው። ተቀመጡ። አንዱን ነኩ፣ ሌላውን ነኩ፤ ማሽኑ አላውቅም ይላል። ቴክኒሻኑ ሊረዳቸው ሲል፣ "አንተ የምትሄድ ሰው ነህ፣ ተው" አልኩት። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ፣ ደግሞ ነፋ። ኃላፊው ተነሡና ወንበሩን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ታይፕ መኪናዬን ለመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ሰጡት። ብዙ ጊዜ ሰላምታ ነፈገኝ።