ከባዱን መልሳ ቀላሉን የሳተችው ልጅ

የሁለተኛ ዲግሪዬን ጎንደር ስማር የትምህርት ምዘና ነበር ያጠናሁት። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። ሰው «ልጅህ ምን ትማራለች?» ብሎ ሲጠይቀው «ሰው መለካት» ይልና ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ያሳያል። ደንበኞቹ ይስቃሉ፤ እኔ ከጣቃዎቹ ጀርባ እገባለሁ። ከጎን ያለው ባለሱቅ ደግሞ ባየኝ ቁጥር «እስቲ እኔን ለኪኝ፣ ስንት እወጣለሁ?» ይለኛል። እኔም ጣቃ ማጠፍ እጀምራለሁ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ ያዘጋጀሁት የሒሳብ ፈተና በላፕቶፕ የሚሰጥ ነው። ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ አያቀርብም። ተማሪው ሲመልስ ከበድ ያለ፣ ሲስት ቀለል ያለ ያመጣል፤ እንዲህ ከፍና ዝቅ እያለ የልጁን ልክ ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ ስንት ጥያቄ እንደመለሰ አይቆጥርም። የትኛውን መልሶ የትኛውን እንደሳተ አይቶ ችሎታውን ይገምታል፤ ከግምቱ ጎን ደግሞ ግምቱ ምን ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል ያስቀምጣል። ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ሁሉም ግልጽ ነበር።

ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ሴቶችን እንድፈትን ፈቀደልኝ። ርእሰ መምህሩ ግን አንድ ጉዳይ ነበረው። ጎንደር ያለ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ከዚያ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ተቀብሎ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊያስተምር ቃል ገብቷል። አንዲት ብቻ።

«እኔ ብመርጥ ዘመዱን አየ እባላለሁ» አለኝ። «ያንቺ ኮምፒውተር ዘመድ የለውም። አንደኛዋን ንገሪኝ፣ እሷን እልካለሁ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። እኔ ራሴን የምነቀንቀው ስስማማ ብቻ እንዳልሆነ እሱ በምን ያውቃል?

ማን አንደኛ እንደምትወጣ በልቡ ያውቅ ነበር። ከሩቅ ቀበሌ የምትመጣ የገበሬ ልጅ ናት። ማክሰኝት ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከቤቷ የግማሽ ቀን መንገድ ስለሆነ፣ ማደሪያውን ካላገኘች ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል።

አብዛኞቹ ልጆች ላፕቶፕ ነክተው ስለማያውቁ አንድ በአንድ እያስጠራሁ ጥያቄውንና ምርጫዎቹን እኔ አነብላቸዋለሁ፤ እነሱ የመረጡትን ይነግሩኛል፤ እኔ ተጭኜ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቅልም። ሰው ፊት ለፊት ማየት ስለሚከብደኝ ይህ አሠራር ተመችቶኝ ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ የገበሬው ልጅ ከመካከለኞቹም ዝቅ አለች። አንደኛ የወጣችው የከተማው እህል ነጋዴ ልጅ ነበረች።

«ይቺ? ምነው?» አለ ርእሰ መምህሩ የገበሬው ልጅ ስም ላይ ጣቱን አኑሮ። «ይቺ እኮ እኔ ሰሌዳ ላይ ስሳሳት የምታርመኝ ናት።»

መልሶቿን ከፍቼ ሳይ ግራ ገባኝ። ከባድ ከባዱን መልሳለች፤ ሌሎች ሁሉ የመለሱትን ቀላሉን ስታለች። አንድ ሰው እንዴት አጥር ዘሎ ደጃፍ ላይ ይወድቃል? አማካሪዬ ዘንድ ይዤው ሄድሁ። እሱም አየት አደረገና «ከሞዴሉ ጋር አልገጠመችም። ከባዱን በግምት አግኝታው ይሆናል። ከመረጃው አውጫት» አለኝ። ለእሱ አንዲት መስመር ነበረች። እኔ ግን ከመረጃው ሳወጣት ከማደሪያውም እንደማወጣት አውቃለሁ።

ተመልሼ ሄድሁና ልጅቷን በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ አገኘኋት።

«አንድ ኩንታል ጤፍ ሩቡ ቢሸጥ ስንት ኪሎ ይቀራል?» አልኋት።

«ሰባ አምስት።»

«የገብሱስ?»

«ያም ሰባ አምስት።»

«ታዲያ ያን ቀን የገብሱን ለምን ሃያ አምስት አልሽኝ?»

መሬት መሬት አየች። «እርስዎ ነዎት እንጂ።»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«ሰባ አምስት ስልዎ ደግመው ጠየቁኝ።»

«አልደገምሁም። የመጀመሪያው ጤፍ ነው፤ ሁለተኛው ገብስ ነው።»

«የጤፍና የገብስ ኩንታሉ ይለያያል እንዴ ቲቸር?»

ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር። ክፍል ውስጥ መምህራቸው የሳተን ልጅ ተሳሳትሽ እንደማይል ነገረችኝ። ዝም ብሎ ያንኑ ይጠይቃል። ያኔ መልስ መቀየር ነው። «ደግሜ ሰባ አምስት ብልዎ እልኸኛ ናት አይሉኝም?» አለችኝ። ቤት ውስጥም እንደዚያው ነው፤ ትልቅ ሰው ሁለተኛ ከጠየቀ የመጀመሪያው መልስ አልጣመውም ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ፈተና ብዙ ጥያቄ ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱን ጥያቄ እህሉን ብቻ እየለወጥን ከአንድ በላይ እናደርገዋለን፤ ጤፉ ገብስ ይሆናል፣ ገብሱ ባቄላ። ብጤ የሚበዛላቸው ቀላሎቹ ናቸው፤ ከባዶቹ ብጤ የላቸውም። ልጅቷ በመለሰች ቁጥር ፈተናው ጥቂት ከበድ ያለ ብሎ የዚያኑ ብጤ ያመጣላታል፤ እሷም ታርማለች፤ ይወርዳል፤ ደግሞ ትመልሳለች፤ ደግሞ ይጠይቃታል። እኔ ስክሪኑን ሳይ እሷ የኔን ፊት ስታነብ ነበር። ታዲያ የለካሁት ምኑን ነው? ሒሳቧን ነው ወይስ ጨዋነቷን? ሌሎቹስ? የጥያቄዎቹን መመሳሰል ልብ ያላለችው ልጅ ምንም አልተጎዳችም። አንደኛ የወጣችውስ ስለምታውቅ ነው ወይስ ስለማትፈራኝ?

ተመሳሳይ ጥያቄዎቹን አውጥቼ ሳሰላ ልጅቷ ላይ ወጣች። መልሼ ሳስገባቸው ታች ወረደች። ያቺው ልጅ፣ ያው መልስ። ለአማካሪዬ ስነግረው መነጽሩን አወለቀ። «ውጤት አይተሽ ስሌት አትመርጪም» አለ። «እንደገና ትፈትኛለሽ። እሷን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም።»

በሁለተኛው ፈተና ጥያቄዎቹን ቀየርኋቸው፤ ተመሳሳዮቹን ግን ሁሉንም መተካት አልቻልሁም። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ሁሉም ፊት ቆምሁ። «የሚመሳሰል ጥያቄ ቢመጣ ስለተሳሳታችሁ አይደለም። ያወቃችሁትን አትልቀቁ።»

«ብንሳሳትስ?» አለች ከኋላ አንዷ።

«ያኔም ይመጣል።»

«እና መሳሳታችንን በምን እናውቃለን?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ወደ ላፕቶፑ ዞርሁ።

ውጤቱ በወጣ ማግስት ርእሰ መምህሩ፣ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆኑ ሽማግሌና ሁለቱ አባቶች፣ ገበሬውና ነጋዴው፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ። የገበሬው ልጅ ላይ ወጥታለች። ከነጋዴው ልጅ ቁጥር የእሷ በጥቂት ይበልጣል። በጣም በጥቂት።

«ማን ናት አንደኛዋ?» አሉ ሽማግሌው።

«ፈተናው ሁለቱን መለየት አልቻለም» አልሁ።

«ምን አለች? ጮክ በይ፣ ልጄ።»

ደገምሁት። ርእሰ መምህሩ ተነስቶ ስክሪኑ ላይ ጣቱን አኖረ። «ይቺ ትበልጣለች እኮ! ይኸው፤ አያለሁ።»

«ትበልጣለች፤ ግን ግምቱ ሊዛነፍ የሚችለው ከዚያ ይበልጣል። ነገ ብንፈትናቸው ሊገለበጥ ይችላል።»

«ነገን ማን ጠየቀሽ?»

ዓይኑ ይለምነኝ ነበር። የእሷን ስም ብጠራ የሚከራከረኝ አልነበረም፤ ነጋዴው እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ግን ያቺ ጥቂት ልዩነት እውነት ይሁን ነፋስ አላውቅም፤ የማላውቀውን አውቃለሁ ማለት አልቻልሁም። የነጋዴው ልጅስ ልጅ አይደለችም?

«ኮምፒውተሩ ካልቆረጠ ዕጣ ነዋ» አሉ ሽማግሌው። «በሉ እርሳስ አምጡ።»

ሁለት ቁራጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ባርኔጣቸው ውስጥ ተናወጠ። ዕጣው ለነጋዴው ልጅ ወጣ።

ርእሰ መምህሩ ላፕቶፑን ዘግቶ ሰጠኝ። ውጭ ስወጣ የገበሬው ልጅ ከአባቷ ጋር ቆማ ጠበቀችኝ።

«የኔ ልጅ» አሉኝ አባቷ፣ «ማክሰኝት እህት አለችኝ። ልጅቱ ጎበዝ ከሆነች አስጠግቼ አስተምራታለሁ ብላ ነበር፤ ሰው ግን ልጄ ጎበዝ ናት ሲል ማን ያምነዋል? እስቲ አንቺ በወረቀት ጻፊልኝ። አንደኛ ናት አይደለችም?»

ከቦርሳዬ ወረቀት አውጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ «በሁለቱ መካከል ልዩነት መኖሩ አልተረጋገጠም» ብዬ ጻፍሁ። ልጅቷ በትከሻዬ በኩል አነበበችው።

«ይኼ ምን ማለት ነው ቲቸር?»

አክስቷም እንደዚያው ማለቷ አይቀርም። ሰረዝሁት። «ከአንደኛዋ ጋር እኩል ናት» ብዬ ጻፍሁ። አለመለየትና እኩል መሆን አንድ እንዳልሆነ የተማርሁት ራሴ ነኝ፤ አማካሪዬ ቢያየው በቀይ ያሰምርበታል። ሰው የሚገባው ሌላ ቃል ግን አጣሁ።

«ሸጋ» አሉ አባቷ።

ልጅቷ ግን አሁንም ታነበዋለች። «እኩል ከሆንን እሷ ለምን ሄደች ይሉኛል።»

«ዕጣ ስለወጣላት ነው።»

«እሱንም ይጻፉልኝ።»

ጻፍሁላት። ከሥሩ ስፈርም ስለ ልጅቷ ምን እንደመሰከርሁ በትክክል አላውቅም ነበር።